የእማማ ዳማ ንፍሮ

ተረት ተረት ልል ነው። "የመሠረት" የምትሉ በሉ፤ ልጅ ያስተኛችሁ ግን ቀስ ብላችሁ በሉ።

ድሮ ነው፣ በጣም ድሮም አይደለም፣ አንድ ጥቅጥቅ ያለ ጫካ ነበር። በዚያ ጫካ ሽማግሌ የሚባል እንስሳ አይታወቅም ነበር። የሚያረጅ ጠፍቶ አይደለም። እግሩ ትንሽ ዘግየት ያለውን ሁሉ ነብር ቶሎ ስለሚገላግለው ነው። አንድ ጊዜ ታዲያ ነብሩ ምን እንደታየው እንጃ፣ አገር ለቆ ሄደ። ከዚያ ወዲህ እንስሳቱ ዕድሜ ጠገቡ። ፀጉራቸው ሸበተ፣ ጉልበታቸው ሲነሱ ሲቀመጡ ይንቋቋ ጀመር።

የጫካው ዳኛ ዝንጀሮ ነበር፣ ጋሽ ዝንጀሮ ይሉታል። ስብሰባ በተጠራ ቁጥር ድንጋይ ላይ ይወጣና ደረቱን ነፍቶ፣ "በእኔ ዘመን ዕድሜ ረዘመ!" ይላል። እንስሳቱም ያጨበጭባሉ፣ ነብሩን ያባረረው እሱ ይመስል።

እውነት ነው፣ ዕድሜ ረዝሟል። ጥርስ ግን ያው የድሮው ጥርስ ነበር። እሱን ያስረዘመ ዳኛ አልነበረም።

ይህ ጫካ በእድሩ የታወቀ ነው። የእድሩ ድንኳን ዝናብ አያስገባም። ጎላ ድስቱ ከትልቅነቱ የተነሣ ጥንቸል ብትዋኝበት ዳር አትደርስም። ጥሩምባ ነፊው ቁራ ነው። ዕቃ ጠባቂዋ እትዬ ጃርት ናት፤ እሾኳን አቁማ ዕቃ ቤቱ በር ላይ ነው የምትተኛው። መቃብር ቆፋሪው ደግሞ አያ ጅቦ ነው። ምንም ሳይከፈለው፣ በነጻ ይቆፍራል። ለምን በነጻ እንደሚቆፍር የጠየቀው የለም። የተቀበረውን መልሶ ያየም የለም።

አንድ እንስሳ ሲሞት ቁራው ይነፋል፣ ድንኳኑ ይተከላል፣ ንፍሮው ይንተከተካል፣ አገሩ ሁሉ ደረቱን ይደቃል። የጎረቤት ጫካ እንስሳት ይህን እያዩ፣ "እነሱ እንኳ መቅበር ያውቁበታል" ብለው ይቀኑ ነበር።

በዚያ ጫካ እማማ ዳማ የሚባሉ አሮጊት ድኩላ ነበሩ። በደጉ ጊዜያቸው እናቱ የሞተችበትን ግልገል ሁሉ አጥብተዋል። ጋሽ ዝንጀሮ ራሱ በልጅነቱ እግሩ ተሰብሮ ሳለ፣ ጀርባቸው ላይ አዝለው ወንዝ የሚያወርዱት እሳቸው ነበሩ። አሁን ግን ጥርሳቸው አንድ በአንድ እየወለቀ አለቀ። ሣሩ አጠገባቸው ነው፣ ቅጠሉ ራሳቸው ላይ ነው፣ እሳቸው ግን ራባቸው።

ሸጊት የምትባል ልጅ ነበረቻቸው። እሷም ገና የወለደች ናት፤ የሚጠባ ግልገል አላት። ቅጠሉን እሷ ታኝክና አለስልሳ ለእናቷ አፍ ትሰጣለች። ለራሷ ማኘክ፣ ለጡቷ ማኘክ፣ ለእናቷ ማኘክ። መንጋጋዋ ዛለ። ጡቷም መንጠፍ ጀመረ። ግልገሉ ሲጠባ ያጣና በግንባሩ ይጎሽማታል። ለእናቷ ስታኝክ የግልገሏ ሆድ ይጮኽባታል፤ ግልገሏን ስታጠባ የእናቷ ሆድ ይጮኽባታል። "ዛሬ የትኛውን ልግደል?" እያለች ቆማ ታስባለች።

ጎረቤቶቿ ታዲያ ደጎች ናቸው። በዚያ ያለፈ ሁሉ ቆም ይልና፣ "ተባረኪ ልጄ! እናቱን የጦረ ከልጁ ያገኘዋል!" ብሏት ይሄዳል። ምርቃቱስ እንደ ጉድ ነበር። ምርቃት ግን ቅጠል አያኝክም።

ሸጊት ሐኪም ጠራች። የጫካው ሐኪም እመት ጦጢት ነበረች። መጥታ የእማማ ዳማን ሆድ ነካ ነካ አደረገች።

"እግሬን ይቆረጥመኛል" አሉ እማማ ዳማ።

"እርጅና ነው" አለች ጦጢት።

"ዐይኔ ጭልም ይልብኛል።"

"እርጅና ነው።"

"አንቺ ልጅ፣ ራበኝ ነው የምልሽ! እህል በአፌ አልዞረም!"

ጦጢት ራሷን ነቀነቀች። "ይሄማ የባሰበት እርጅና ነው። መድኃኒት የለውም" አለችና ሙዟን እየላጠች ሄደች።

ሸጊት ሌላ ዘዴ አሰበች። ግልገሏን አስከትላ ወደ እድሩ ስብሰባ ሄደች።

"ጋሼ፣ አንድ ነገር ልለምን ነበር" አለች። "እማዬ ያጣችው ጥርስ እንጂ ሆድ አይደለም። እስኪለሰልስ የተቀቀለ ስንዴና ባቄላ ብታገኝ ትድናለች። ቤት ያሉት ሽማግሌዎች ሁሉ እንደሷ ናቸው። የእድሩን ጎላ ድስት አውሱኝና ባንድ ላይ ልቀቅልላቸው።"

ጋሽ ዝንጀሮ ከተቀመጠበት ብድግ አለ። "ውይ! እማማ ዳማ ሞቱ እንዴ?"

"ኧረ አልሞተችም፣ ጋሼ።"

"ታዲያ ምን ልትይ መጣሽ?"

"ሳትሞት ልለምን ነዋ የመጣሁት።"

"የኔ ልጅ" አለ ጋሽ ዝንጀሮ፣ ድምፁን አለስልሶ፤ "እድር ለሞተ ነው። ላልሞተ ሁሉ ከቀቀልን ማን ይሞትልናል?"

እትዬ ጃርት እሾኳን አቆመች። "ሟርተኛ! የለቅሶ ድስት ለቁም እንስሳ ሲጣድ የት አየሽ? እናትሽን ልትገያት ነው? ደግሞ በየቀኑ ከተጣደ ቂጡ ይሳሳል።"

"እትዬ፣ ያለ ድስቱም እየሞተች እኮ ነው።"

"እሱ የእግዜር ሥራ ነው፤ ድስቱ ግን በኔ እጅ ነው ያለው!"

አያ ጅቦ ጉሮሮውን ጠረገ። "ሸጊት እህቴ፣ ካስቸገሩሽ እኔ ጋ አምጫቸው። ጧሪም ቀባሪም እሆናቸዋለሁ። ሁለቱንም ሥራ ባንድ ቀን እጨርሰዋለሁ።"

በአያ ጅቦ ደግነት የሁሉም ልብ ተነካ። ሸጊት ብቻ ግልገሏን ወደ ሆዷ ሥር ሳብ አደረገችው።

ጋሽ ዝንጀሮ ነገሩ በባዶ እንዳይቀር ፈለገ። "ስሙ!" አለ። "ሽማግሌ ማክበር ባህላችን ነው። ከሌላው ጫካ የሚለየን ይኸው ነው። ስለዚህ የሽማግሌዎች ቀን እናክብር!" ተጨበጨበ። ከድስቱ ይልቅ የዚህኛው ወጪ ቀላል ነበር።

ቀኑ ደረሰ። ሽማግሌዎቹን እየደገፉ፣ እየጎተቱ፣ ሜዳ ላይ አሰለፏቸው። ጥላ አልነበረም፤ ጥላ ሥር የተቀመጡት ተናጋሪዎቹ ናቸው። ጋሽ ዝንጀሮ ስለ ሽበት ክብር ሲናገር ሲናገር ፀሐይዋ ከወዲያ ወዲህ ዞረች። አሮጌው ጎሽ መሀል ላይ ወደቀና፣ "ልቡ ተነክቶ ነው" ተባለ። ከዚያ ለእያንዳንዱ ሽማግሌ ስጦታ ተሰጠ። ስጦታው ለእያንዳንዳቸው አንድ አገዳ ሸንኮራ ነበር። ድዳቸው ብቻ የቀረ ሽማግሌዎች ሸንኮራውን ታቅፈው እርስ በርስ ተያዩ።

በመጨረሻ አንገታቸው ላይ የአበባ ጉንጉን ተደረገላቸው። እማማ ዳማ ጉንጉኑን አሸተቱት። ለስላሳ ነው። ቀስ ብለው በድዳቸው ያዙና ሁሉም እያየ በሉት።

"ኧረ ክብሯን በላችው!" አለች እትዬ ጃርት።

"ካገኘሁት ሁሉ የተዋጠልኝ እሱ ነው" አሉ እማማ ዳማ።

ከበዓሉ በኋላ ቅጠሉ ደረቀ። ሸጊት አንድ ቀን እናቷን ዛፍ ሥር አስቀምጣ፣ ግልገሏን ውኃ ልታጠጣ ወንዝ ወረደች። እማማ ዳማ ከራብ ብዛት ራሳቸውን ሳቱና ዘንበል ብለው ወደቁ። አያ ጅቦ በዚያ ሲያልፍ ነበር። ሰሞኑን በዚያ ማለፍ ያበዛ ነበር። ጠጋ ብሎ አየ፣ ምራቁን ዋጠ፣ ሮጦ ለቁራው ነገረው። ቁራው ደግሞ የሰማውን ለማጣራት ቆሞ አያውቅም።

"እማማ ዳማ ዐረፉ! ያልሰማህ ስማ!" ብሎ ነፋው።

እንግዲህ የዚያን አገር ቅልጥፍና ያኔ ነው ማየት። ለአንድ እፍኝ ቅጠል ጊዜ ያጣ እንስሳ ሁሉ እየሮጠ መጣ። ከርከሮዎች ምሰሶ ተከሉ። ጉሬዛዎች ድንኳን ወጠሩ። ያ፣ "ሟርት ነው፣ ቂጡ ይሳሳል" የተባለ ድስት እየተንከባለለ መጥቶ እሳት ላይ ተቀመጠ። ስንዴው፣ ባቄላው፣ ሽምብራው ተዘረገፈበት። ጋሽ ዝንጀሮ ራሱ ሙሾ አወረደ፦

"እማማዬ ዳማ የመንደሩ ጥላ፣
ማን ይመርቀናል ካንቺ ወዲያ ሌላ።"

ከማዶው ጫካም የእማማ ዳማ ወንድ ልጅ መጣ፣ ጎራው ይባላል። ሣሩ ለምለም ነው ብሎ ከሄደ ወዲህ ያየው አልነበረም። "እናቴ! ሳልጦርሽ! አንድ ቀን ሳላጎርስሽ!" እያለ መሬት ላይ ተንከባለለ።

"እውነቱን ነው" አሉ ለቀስተኞቹ፣ እንባቸውን እየጠረጉ።

ሸጊት ጥሩምባውን ወንዝ ዳር ሰማችው። ግልገሏን በአፏ እየገፋች ዳገቱን ወጣች። ስትደርስ አያ ጅቦ፣ "ሬሳ አይቆይም! ቶሎ ይነሣ!" እያለ ሰዉን ያጣድፋል፣ ይቅርታ፣ አውሬውን ያጣድፋል። እሷ ሁሉንም ገፍታ እናቷ ላይ ተደፋች። ያኔ የእናቷ አፍንጫ እንቅስቅስ ሲል አየች።

"ሸጊት" አሉ እማማ ዳማ በደከመ ድምፅ፣ "ይሄ ሽታ የምንድን ነው?"

"የንፍሮ ነው፣ እማዬ።"

"የማን ለቅሶ ነው?"

"ያንቺ" አለች።

"እንግዲያው ከለቅሶው ባለቤት ቀድሞ ማን ሊዘግን ነው? አምጪልኛ!"

ሸጊት ከድስቱ ዘግና ሰጠቻቸው። የለሰለሰ ነበር። ዋጡ። ደግማ ሰጠቻቸው። በሦስተኛው አንገታቸው ቀና አለ። ቀጥሎ ተነሥተው ተቀመጡ። አጠገባቸው የነበረች ጥርስ አልባ አሮጊት ከርከሮም ይህን አይታ፣ "ለኔም ዝገኚልኝ፣ እኔም ሐዘንተኛ ነኝ" አለች። ሸጊት ደስታዋን መቆጣጠር አቅቷት ድንኳኑ መሀል እልልታዋን አቀለጠችው።

ደስ ያለው ታዲያ እሷን ብቻ ነው።

"በለቅሶ ቤት እልልታ!" አለች እትዬ ጃርት። ቁራው፣ "አንዴ የነፋሁትን እንዴት ልመልሰው? ስሜስ?" ብሎ ተቆጣ። አያ ጅቦ አካፋውን ጥሎ ከሁሉ የበለጠ አዘነ። እመት ጦጢት፣ "ተአምር ነው እንጂ ንፍሮ አይደለም" ብላ ማለች። ጎራው ደግሞ አቧራውን እያራገፈ፣ "እናቴ፣ በዚህ ሁሉ እንስሳ ፊት ታዋርጂኝ? ደረቴን የደቃሁት በከንቱ?" አለ።

"አይ ልጄ፣ ደረትህን ከምትደቃ ቅጠል ብትወቅጥልኝ ይሻል ነበር" አሉት።

ጎራው ተቀይሞ ሳይመሽ ወደ ማዶ ተመለሰ።

ጋሽ ዝንጀሮ እዚያው ድንኳኑ ውስጥ ፍርድ ተቀመጠ። "በሕጋችን አንድ አባል የሚለቀሰው አንድ ጊዜ ነው" አለ። "እማማ ዳማ ተለቅሰዋል፤ ድንኳናቸውን ወስደዋል፣ ንፍሯቸውንም፣ ይቅር ይበለንና፣ ራሳቸው በልተዋል። ከእንግዲህ ከእድሩ የሚገባቸው ነገር የለም።"

ሸጊት ብልህ ነገር የተናገረች መሰላት። "እሺ ጋሼ፣ ሞታለች በሉ። ለሞተ ድስት ይጣዳል አይደል? በየቀኑ ይጣድላት።"

"የሞተ አይበላም" አለ ጋሽ ዝንጀሮ።

"አልሞተችም በሉ ታዲያ።"

"ላልሞተ ድስት አይጣድም።"

ድንኳኑ በሙሉ በዳኛው ጥበብ ተደነቀ።

ወሬው ግን በየጎሬው ገባ። ከዚያ ወዲያ ሽማግሌዎቹ መሞት አበዙ። አሮጌው ጎሽ እግሩን ወደ ሰማይ ዘርግቶ ሞተ፤ ጥሩምባ ተነፋ፣ ድስት ተጣደ፣ ጎሹ ንፍሮውን በልቶ ተነሣ። ኤሊው ራሱን ወደ ውስጥ አስገብቶ ሞተ፤ ንፍሮው ሲበስል ራሱን አወጣ። የቁራው ጉንጭ በመንፋት አበጠ። የሚገርመው፣ ሽማግሌዎቹ ፊታቸው ወዛ፣ ወፈሩ፣ ጉልበታቸው ጸና። አንዳንዱማ እርስ በርስ፣ "አንተ መቼ ትሞታለህ?" "ሐሙስ ነው የማስበው፣ እንዳትቀር" ይባባል ጀመር።

ሸጊት እንደገና ስብሰባ ሄደች። "ድስቱ እሳቱ ላይ ቢቀመጥ እኮ ማንም መሞት አያስፈልገውም ነበር" አለች።

"ይቺ ልጅ እናቷ ሞታም አላረፈች!" ተብላ ተቀመጪ ተባለች።

ጋሽ ዝንጀሮ ድንጋዩ ላይ ወጣ። "ሽማግሌዎቻችን ባህላችንን እያረከሱት ነው" አለ። "ከዛሬ ጀምሮ አንድ አባል መሞቱ ሳይረጋገጥ ጥሩምባ አይነፋም። የሚያረጋግጠውም ልምድ ያለው እንስሳ ይሁን።" ልምድ ያለው ማን ነው ሲባል ሁሉም ወደ አያ ጅቦ ዞረ። እንዴት ታረጋግጣለህ ሲባልም፣ "ትንሽ ነከስ አደርጋለሁ" አለ አያ ጅቦ በትሕትና። "ካልጮኸ ሞቷል።"

"ከጮኸስ?" አለች ሸጊት።

"ደግሜ አረጋግጣለሁ።"

ሽማግሌዎቹ ያን ቀን ዳኑ። የተኛው ተነሣ፣ የተጋደመው ቆመ፤ ፀሐይ ለመሞቅ እንኳ ጋደም የሚል ጠፋ። ያቺ ጥርስ አልባ አሮጊት ከርከሮ ግን ድካም አሸንፏት አንድ ቀን ከሰዓት ቁጥቋጦ ሥር አሸለበች። አያ ጅቦም መጥቶ አረጋገጠ። ከተረጋገጠች በኋላ እውነትም ሞታ ተገኘች።

ጋሽ ዝንጀሮ፣ "አያችሁ? አሠራራችን ተስተካከለ" አለ።

ለከርከሮዋ ድንኳን ተተከለ፣ ድስቱ ተጣደ። ሸጊት እናቷን አያ ጅቦ እንዳያረጋግጣቸው ዋሻ ውስጥ ሸሽጋ ነበር፤ እሱ ሲተኛ ብቻ ነው የምታስወጣቸው። እማማ ዳማ የመጨረሻዋን የታኘከች ቅጠል እምቢ ብለው ነበር። "ለጡትሽ አድርጊው፤ ግልገሉ ገና ነው፣ እኔ እንደሆን ተለቅሼ ያለቅሁ ነኝ" አሏት። ሸጊት ያን ጊዜ ወደ ለቅሶው ሄደች። ለለቀስተኛ ሁሉ ይዘገናል። ለእሷም ዘገኑላት። ወደ አፏ ከተተችው፣ ግን አልዋጠችውም። ጉንጯ ውስጥ ወሸቀችው። ሲዞሩ ደግማ ዘገነች፣ ወሸቀችው። ተነሥታ ልትወጣ ስትል እትዬ ጃርት በሩ ላይ ቆመች።

"ንፍሮ ከድንኳን አይወጣም። አፍሽ ምን ይዟል?"

ሸጊት ዝም።

"'እግዜር ያጽናችሁ' ሳትይ ነው የምትሄጂው? በይ እንጂ!"

የከርከሮዋ ልጆች ቀና ብለው አዩአት። ዳኛውም እያሳለ አያት፤ ሳል ሰሞኑን ይዞት ነበር። አፏን ብትከፍት ንፍሮው ይፈስሳል። ባትከፍት ሐዘንተኛ ንቃ መሄዷ ነው፤ በዚያ አገር ደግሞ የታመመ ያልጠየቀ ይታለፋል፣ ሐዘንተኛ ያላጽናና ግን እስከ ልጅ ልጁ ይወቀሳል። ሸጊት ዐይኗ እንባ ሞላ። ራሷን ዝቅ አድርጋ ለሐዘንተኞቹ ሰገደችና በጃርቷ እሾህ ታክካ ወጣች። ጎኗ ተጫረ። አልጮኸችም፤ ብትጮኽ ንፍሮው ይፈስስ ነበራ።

"ኩራተኛ!" አሏት ከኋላዋ። "ምን ዓይነት እናት ነው ያሳደገቻት?"

ዋሻው ጋ ደርሳ ንፍሮውን በእናቷ ፊት ተፋችው። እማማ ዳማ ቀስ እያሉ ዋጡት። ዐይናቸው ተገለጠ።

"ስንዴ ብቻ ነው" አሉ። "የማን ነው?"

"የእማማ ከርከሮ።"

እማማ ዳማ መዋጡን አቆሙ። "አይ እሷ" አሉ በኋላ። "እኔ ሞቼ አበላኋት፤ ይኸው እሷ ሞታ አበላችኝ። እኛ ሽማግሌዎች አንዳችን በሌላችን ሞት እየተጦርን ነው።" የቀረውንም ዋጡት። ራብ ሐዘን አያውቅም።

ግልገሉ መጥቶ የሸጊትን ጡት ያዘ። ዛሬ ትንሽ ወተት አግኝቶ ጭራውን ቆላ። እማማ ዳማ እሱን ሲያዩ ቆዩና፣ "ለመሆኑ ልጄ፣ የታመመ ሌላ ማን አለ?" ብለው ጠየቁ።

"ጋሽ ዝንጀሮን ሳል ይዞታል" አለች ሸጊት። ድምፅዋ ውስጥ ደስታ የሰማች መሰላትና ራሷን ፈራች። "ክፉኛ ነው የሚያስለው።"

እማማ ዳማ ከንፈራቸው ላይ የቀረችውን ስንዴ በምላሳቸው ለቀም አደረጓት።

"ለሞተ ብቻ የሚቀቅል አገር፣ ያልሞተውን ሁሉ የጎረቤቱን ሳል ያስቆጥረዋል" አሉ። "እግዜር ይማረው እንዳልል፣ የዳኛ ንፍሮ ሽምብራ አያጣም።"